ኮምፓይለሩ «30 ነበር የጠበቅሁት» ሲላችሁ፦ የዲቫይስ ትሪ ኖድ ስሞችን የማስተካከል መመሪያ

ሴንሰር ዝም ሲል የመጀመሪያው ፍርድ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ተቃጥሏል» ይባላል። ኮምቦልቻና ደሴ ላይ ይህ ፍርድ ያስከፍላል። ምትኩ በአብዛኛው ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው። የሚልክ ሰው ይፈለጋል፣ መናኸሪያ ይኬዳል፣ ሥራው እስከዚያ ይቆማል። እኔ «ተቃጥሏል» የተባለ ሴንሰር ሲመጣልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው የቢልዱን ሎግ፣ ማለትም ኮዱ ሲጠናቀር ስክሪን ላይ የወጣውን ጽሑፍ ነው። ብዙ ጊዜ ሴንሰሩ ጤነኛ ነው። ኮምፓይለሩ ችግሩን ተናግሮ ነበር፤ መስመሩን ያነበበ ግን አልነበረም።

ይህ መመሪያ ስለነዚያ መስመሮች ነው። ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ውስጥ የመመረቂያ ፕሮጀክት ለያዛችሁ፣ ደሴ ላይ በግላችሁ ቦርድ ለምትሞክሩ፣ ፋብሪካ ጥገና ክፍል ሆናችሁ ማሽን ላይ ሴንሰር ለምትገጥሙ የተጻፈ ነው።

ምሳሌያችንን ከከተማዋ እንውሰድ። ኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ ከተማ ናት። የጥጥ ክር አየሩ ሲደርቅ ቶሎ ይበጠሳል። ስለዚህ የክር መጋዘን ሙቀትና እርጥበት የሚለካ ቦርድ እንሥራ። ቦርዱ ኤስቲኤም32 ኒውክሊዮ ኤፍ446 ነው፤ ሶፍትዌሩ ዜፈር የሚባለው የትንንሽ ቦርዶች ኦፕሬቲንግ ሲስተም ነው። እርጥበትና የአየር ግፊት የሚለካው ቢኤምኢ280፣ ሙቀት የሚለካው ቲኤምፒ102፣ ሰዓት የሚይዘው ዲኤስ3231 ነው። ሦስቱም በአንድ የአይቱሲ መስመር (ባስ) ላይ ተንጠልጥለዋል፤ አይቱሲ ብዙ ቺፖች በሁለት ሽቦ የሚነጋገሩበት መንገድ ነው። ራስፕቤሪ ፓይ ወይም ሌላ የሊኑክስ ቦርድ የያዘም ሰው አብሮ ሊከተል ይችላል። ኮምፓይለሩ ያው ዲቲሲ (የዲቫይስ ትሪ ኮምፓይለር) ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ኮዶቹን ለማንበብ እንዲቀል በእኛ ፊደል ጽፌያቸዋለሁ። ፋይላችሁ ውስጥ ግን ሁሉም በላቲን ፊደል ነው የሚገባው። «0ኤክስ» ያልኩት ዜሮና ትንሿ ኤክስ ናት፤ «ቀጥሎ ያለው ቁጥር ሄክሳዴሲማል ነው» ማለት ነው።

ስሙ እንዴት ነው የተሠራው?

ዲቫይስ ትሪ የሃርድዌሩ ዝርዝር ነው። ቺፑ ላይና ቦርዱ ላይ ያለው እያንዳንዱ ነገር አንድ ኖድ አለው። የኖድ ስም ሁለት ክፍል አለው፦

ቴምፕሬቸር-ሴንሰር@48

ከ@ በፊት ያለው የመሣሪያው ዓይነት ነው። ከ@ በኋላ ያለው አድራሻው ነው። ውስጡ ደግሞ «ሬግ» የሚባል ፕሮፐርቲ አለ፤ እሱም አድራሻ ይይዛል። ሥራ የሚሠራው ሬግ ነው። ድራይቨሩ ሴንሰሩን የሚጠራው ሬግ ላይ ባለው ቁጥር ነው። ከ@ በኋላ ያለው በር ላይ የተለጠፈ የቤት ቁጥር ነው፤ ሬግ ቀበሌ መዝገብ ላይ ያለው ነው። ሁለቱ መመሳሰል አለባቸው። የአብዛኞቹ የስም ማስጠንቀቂያዎች መነሻ የሁለቱ አለመመሳሰል ነው።

1. መጀመሪያ ማስጠንቀቂያው እንዲታይ አድርጉ

ዜፈር ላይ ዲቲሲ የግድ አይደለም። ማሽናችሁ ላይ ባይኖርም ቢልዱ ያልፋል፤ ማስጠንቀቂያ ግን አይወጣም። ስለዚህ ዲቲሲ መጫኑን አረጋግጡ። ኡቡንቱ ላይ ፓኬጁ «ዲቫይስ-ትሪ-ኮምፓይለር» ይባላል።

ሁለተኛው ነገር ብዙ ሰው ያሳስታል። ዜፈር ዲቫይስ ትሪውን የሚያነበው ቢልዱ ሲዋቀር ነው። ምንም ሳትቀይሩ ደግማችሁ ቢልድ ብትሉ ማስጠንቀቂያው አይደገምም። «ጠፋ፣ ተስተካከለ» ብላችሁ እንዳትሸወዱ። ከባዶ አስጀምሩት፦

ዌስት ቢልድ -ፒ ኦልዌይስ

የሊኑክስ ከርነል ላይም ዲቲኤስ (የዲቫይስ ትሪው ጽሑፍ) ፋይሉ ካልተቀየረ ዲቲሲ አይጠራም። ከዚያ በላይ ከርነሉ ከስም ማስጠንቀቂያዎቹ አንዳንዶቹን በነባሪ ይደብቃል። እንዲያወጣቸው «ሜክ ደብልዩ=1 ዲቲቢኤስ» በሉት። «ደብልዩ=12» ካላችሁ የባሰ ጥብቅ ይሆናል።

የወጣውን ሁሉ ወደ ፋይል ገልብጡ። መብራት ሄዶ ስክሪኑ ቢጠፋ ሎጉ ይቀርላችኋል። በኋላ ለማወዳደርም ያስፈልጋችኋል።

2. መስመሩን ከግራ ወደ ቀኝ አንብቡ

አንድ ማስጠንቀቂያ ይህን ይመስላል፦

አፕ.ኦቨርሌይ:14.27-19.4: ዋርኒንግ (አይቱሲ_ባስ_ሬግ): /ሶክ/አይቱሲ@40005400/ቴምፕሬቸር-ሴንሰር@48: አይቱሲ ባስ ዩኒት አድሬስ ፎርማት ኤረር፣ ኤክስፔክትድ "30"

መጀመሪያ የፋይሉ ስም አለ። ቀጥሎ ኖዱ የሚጀምርበትና የሚያልቅበት መስመርና ዓምድ አለ፤ 14.27 ማለት 14ኛው መስመር፣ 27ኛው ዓምድ ነው። በቅንፍ ውስጥ ያለው የምርመራው ስም ነው። ከዚያ የኖዱ ሙሉ መንገድ ከሥር እስከ ጫፍ ይመጣል። መጨረሻ ላይ ቅሬታው አለ።

ቶሎ ማየት ያለባችሁ የፋይሉን ስም ነው። ፋይሉ የእናንተ ኦቨርሌይ (በቦርዱ ዋና ፋይል ላይ የምትጨምሩት የራሳችሁ ፋይል) ከሆነ ጉዳዩ የእናንተ ነው። የቺፑ አምራች ፋይል ከሆነ ዛሬ አትንኩት። ሥራውን በእናንተ ፋይል ጀምሩ።

በቅንፍ ያለውንም ስም ማስታወሻ ላይ ጻፉት። ማስጠንቀቂያዎቻችሁን በዚህ ስም መድቡ። ሃያ መስመር ቢወጣ እንኳ ብዙ ጊዜ ሦስት ወይም አራት ዓይነት ብቻ ነው።

3. ስሙና ሬግ ሲጣሉ

ከዚህ ላይ ረጋ በሉ። ሴንሰር የሚያስጥለው ይህ ነው።

ከላይ ያለው ማስጠንቀቂያ የወጣው ከዚህ ኮድ ነው፦

&አይቱሲ1 {
    ቴምፕሬቸር-ሴንሰር@48 {
        ሬግ = <48>;
    };
};

ሲያዩት ምንም ጉድለት የለውም። 48 እና 48 ነው። ግን ከ@ በኋላ ያለው ቁጥር ሁልጊዜ ሄክስ ነው። ሬግ ውስጥ ያለው ደግሞ 0ኤክስ ከሌለው ተራ ቁጥር ነው። ተራው 48 በሄክስ 30 ነው፤ ሦስት ጊዜ 16 ማለት ነው። ስለዚህ ኮምፓይለሩ «ሬግ 30 ይላል፣ ስምህ ግን 48 ይላል፤ ስሙን 30 ብዬ ነበር የጠበቅሁት» አለ።

አሁን ጀማሪ ምን ያደርጋል? «ኤክስፔክትድ 30» ስላለ ስሙን ወደ @30 ይቀይራል። ማስጠንቀቂያው ወዲያው ይጠፋል። ቢልዱ ንጹሕ ይሆናል። ሴንሰሩ ግን እንደሞተ ይቀራል፤ ድራይቨሩ ማንም በሌለበት አድራሻ 30 ላይ እያንኳኳ ነው። ከዚያ «ተቃጥሏል» ይባላል።

ኮምፓይለሩ ሬግን አምኖ ነው ስሙን የሚመረምረው። ሬግ ራሱ ልክ ይሁን አይሁን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ቦርዱን አያይም፤ ዳታሺት አያነብም። ሁለቱ መጣላታቸውን ብቻ ነው የሚነግራችሁ። የቱ ልክ እንደሆነ የምትፈርዱት እናንተ ናችሁ። ስለዚህ አንድም ፊደል ከመቀየራችሁ በፊት እውነተኛውን አድራሻ ከሃርድዌሩ አውጡ።

ቲኤምፒ102 አድራሻውን የሚወስነው ኤዲዲ0 በሚባለው እግሩ ነው። እግሩ ከግራውንድ ከተያያዘ አድራሻው 48 ነው፤ ከፓወር ከተያያዘ 49 ይሆናል። ቢኤምኢ280 ላይ ኤስዲኦ የሚባለው እግር ግራውንድ ከነካ 76፣ ፓወር ከነካ 77 ነው። እነዚህ ሁሉ ሄክስ ናቸው። ሞጁሉን ገልብጡና መስመሩን በዓይን ተከታተሉ። መልቲሜትር ካላችሁ በቢፕ ለኩት፤ ከዓይን ይሻላል።

የእኛ ሞጁል ግራውንድ ነክቶ ከሆነ እርማቱ ሬግ ላይ ነው፦

ሬግ = <0ኤክስ48>;

ስሙ እንዳለ ይቆያል። ማስጠንቀቂያው ይጠፋል፤ ሴንሰሩም ይናገራል።

ተቃራኒውም ያጋጥማል። ሰው ከሌላ ፕሮጀክት ኮዱን ገልብጦ ሬግን ወደ 0ኤክስ77 ያርማል፤ ስሙን @76 እንዳለ ይተወዋል። ሴንሰሩ ይሠራል። ማስጠንቀቂያው የሚለውም እውነት ነው፤ እዚህ የሚቀየረው ስሙ ነው። ሁለቱ ጉዳዮች ስክሪን ላይ አንድ ዓይነት መስመር ነው የሚያወጡት። የሚለያቸው ቦርዱን ማየት ብቻ ነው።

ኤስፒአይ በሚባለው ሌላው የቺፖች መስመር ላይ ነገሩ ትንሽ ይለያል። እዚያ ከ@ በኋላ የሚመጣው የቺፕ ሴሌክት (ቺፑን የሚመርጠው ሽቦ) ተራ ነው፦ 0፣ 1፣ 2። ዳታሺት ውስጥ አድራሻ ፍለጋ አትድከሙ። ባሱ ራሱም ስሙ «ኤስፒአይ» መሆን አለበት፤ ሌላ ስም ከሰጣችሁት ዲቲሲ ያጉረመርማል።

የፍላሽ ክፍፍል ላይ ግን ተጠንቀቁ። ፓርቲሽን@20000 ብላችሁ ሬጉን 0ኤክስ40000 ብታደርጉት ዲቲሲ ዝም ይላል። ስምና ሬግን ቁጥር በቁጥር የሚያመሳክረው በዋናነት አይቱሲ፣ ኤስፒአይ፣ ፒሲአይና «ሲምፕል-ባስ» ሥር ነው። ዜፈር የራሱ የፓይተን ስክሪፕት ስላለው እሱ ይይዘዋል። መስመሩ የዲቲሲን ቅርጽ ስለማይይዝ በዓይን ማለፍ ቀላል ነው። ዩኒት አድሬስና የሬግ መጀመሪያ አይገጥሙም የሚል መስመር ካያችሁ እሱ ነው።

4. አንዱ ኖሮ ሌላው ሲጎድል

የምርመራው ስም «ዩኒት_አድሬስ_ቪኤስ_ሬግ» ነው። ሁለት መልክ አለው።

አንደኛው፦ ስሙ @ አለው፣ ውስጡ ግን ሬግም ሬንጅስም (ሌላው አድራሻ የሚይዝ ፕሮፐርቲ) የለም። የተለመደው ምሳሌ ኤልኢዲ ነው። ሰዎች ኤልኢዲዎቻቸውን ለመቁጠር ኤልኢዲ@0፣ ኤልኢዲ@1 ይላሉ። ኤልኢዲ በጂፒአይኦ (በቺፑ ተራ እግር) የሚበራ ነገር ነው፤ በአድራሻ አይጠራም። ቁጥሩን በሰረዝ አያይዙት፦ ኤልኢዲ-0፣ ኤልኢዲ-1። ማስጠንቀቂያውን ለማጥፋት ብላችሁ የውሸት ሬግ እንዳትጨምሩ። እንዲህ የተሠራ ፋይል አይቻለሁ፤ ቀጥሎ የሚያነበውን ሰው ያሳስታል።

ሁለተኛው፦ ሬግ አለ፣ ስሙ ግን @ የለውም። «ሚሞሪ» ብለው ብቻ የሚተዉት ብዙ ናቸው። የኤስቲኤም32 ራም ከ20000000 ስለሚጀምር ሚሞሪ@20000000 መባል አለበት። ይህን እርማት ከመሥራታችሁ በፊት ግን ስለ ኦቨርሌይ ከታች የጻፍኩትን አንብቡ።

ራስፕቤሪ ፓይ ላይ የቆየ ዲቲሲ ይዛችሁ ኦቨርሌይ የምትሠሩ «ፍራግመንት@0» ላይ ይህን ማስጠንቀቂያ ታገኛላችሁ። አዲሱ ዲቲሲ እነዚህን ይዘልላቸዋል። ፍራግመንቱን በእጅ መጻፍ ትታችሁ &አይቱሲ1 በሚለው አጻጻፍ ብትጠቀሙ ዲቲሲ ራሱ ይሠራላችኋል። ፋይሉም ያጥራል።

«ሲምፕል_ባስ_ሬግ» የሚለውም የዚህ ዘመድ ነው። ሶክ በሚለው ኖድ (የቺፑን የውስጥ ክፍሎች በሚይዘው) ውስጥ አድራሻ የሌለው ነገር ስታስገቡ ይመጣል። ኤልኢዲዎቹን ወይም አዝራሮቹን ከሶክ አውጥታችሁ ሥሩ ላይ፣ ማለትም በ/ ሥር በቀጥታ አስቀምጧቸው።

5. ሁለት ኖድ በአንድ አድራሻ

መጋዘኑ ውስጥ ያለውን ቦርድ አሳድገን የሽመና ማሽን ንዝረት እንዲለካ ፈለግን እንበል። ኤምፒዩ6050 እንጨምራለን። ቢልድ ስንል «ዱፕሊኬት ዩኒት-አድሬስ» የሚል ይመጣል። ሰዓቱ ዲኤስ3231 አድራሻው 68 ነው፤ ኤምፒዩ6050ም በነባሪ 68 ነው።

ይህ የስም ጉዳይ ይመስላል። ግን አንዱን ስም ብትቀይሩ የምትፈቱት ነገር የለም። ሽቦው ላይ ሁለት ቺፖች ለአንድ ጥሪ አብረው «አቤት» ይላሉ። ዲኤስ3231 አድራሻው አይቀየርም። ኤምፒዩ6050 ግን ኤዲ0 የሚባል እግር አለው፤ ከፓወር ጋር አገናኙት፣ አድራሻው 69 ይሆናል። ሽቦውን ከቀየራችሁ በኋላ ስሙንም ሬጉንም ወደ 69 ቀይሩ። ኮዱን ማረም መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው።

አንዳንዴ ደግሞ ድግግሞሹ ትክክል ይሆናል። ኤስቲኤም32 ላይ ኤስፒአይ1ና አይቱኤስ1 አንድ ሃርድዌር ናቸው፤ ሁለቱም 40013000 ላይ ናቸው። ዜፈር ለዚህ ብሎ የሚመረምረው ሥራ ላይ እንዲሆኑ የተደረጉትን (ያልተዘጉትን) ኖዶች ብቻ ነው። ሁለቱንም ካበራችሁ ማስጠንቀቂያ ይመጣል። የማትጠቀሙበትን ኖድ «ስታተስ» የሚባለውን ፕሮፐርቲ «ዲሴብልድ» አድርጉት፤ በቃ።

6. የአጻጻፍ ጥቃቅኖች

እነዚህ ብዙ አያስጨንቁም። ሃርድዌር አያዩም፤ በአንድ ቁጭታ ያልቃሉ።

ከ@ በኋላ 0ኤክስ አይገባም፤ @0ኤክስ48 ስህተት ነው። ከፊት ዜሮ አይደረደርም፤ @0048 ስህተት ነው። በሄክስ ውስጥ ከኤ እስከ ኤፍ ያሉ ፊደላት ካሉ ትንንሾቹን ተጠቀሙ።

የኖድ ስም ውስጥ የታች ሰረዝ ካለ «አይመከርም» የሚል ይመጣል። ይህ የሚወጣው ጥብቁን ምርመራ ስታበሩ ብቻ ነው። ሕጉ እንዲህ ነው፦ ለኖድ ስም የመሀል ሰረዝ፣ ለሌብል (ከኖዱ ስም ፊት በ«:» ለሚጻፈው መጥሪያ) የታች ሰረዝ። ሌብል ውስጥ የመሀል ሰረዝ ጭራሽ አይቻልም። ስለዚህ አንዱ ኖድ እንዲህ ይመስላል፦

የመጋዘን_ሙቀት: ቴምፕሬቸር-ሴንሰር@48

«የመጋዘን» የሚለው የእናንተ ስያሜ ሌብሉ ላይ መሆኑን ልብ በሉ። የኖዱ ስም የመሣሪያውን ዓይነት በጥቅሉ ነው የሚናገረው፦ ሲሪያል፣ አርቲሲ፣ ኢኢፕሮም፣ ዋችዶግ። የቺፑን ሞዴል ስም ኖዱ ላይ አትጻፉ። ሞዴሉ «ኮምፓቲብል» በሚለው ፕሮፐርቲ ውስጥ አለ። ስሙ በፊደል ይጀምራል፤ ከ@ በፊት ያለው ከ31 ፊደል አይበልጥም።

7. ስም ከመቀየራችሁ በፊት ማን እንደሚፈልገው እዩ

የኖድ ስም ጌጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ አበቃ ነበር። ግን ፕሮግራሞች በስሙ ይፈልጉታል።

ሊኑክስ ላይ የመሣሪያው የሲስተም ፋይል ስም ከአድራሻውና ከኖዱ ስም ነው የሚሠራው። ዩአርት@40004400 የነበረውን ወደ ሲሪያል@40004400 ስትቀይሩ 40004400.ዩአርት የነበረው 40004400.ሲሪያል ይሆናል። በዚያ መንገድ የሚፈልግ ስክሪፕት ካለ ይወድቃል። ውስጡ «ሌብል» የሚል ፕሮፐርቲ የሌለው ኤልኢዲም ስሙን ከኖዱ ይወስዳል።

ዜፈር ላይ መሣሪያውን በሌብል ወይም በአሊያስ ከጠራችሁ ምንም አይነካችሁም። በሙሉ መንገድ ወይም በጽሑፍ ስም ከጠራችሁ ግን ይነካችኋል። «ዲቫይስ_ጌት_ባይንዲንግ» ውስጥ የተጻፈ ጽሑፍ ካለ የድሮውን ስም እየፈለገ ይቀራል። ኮምፓይለሩ አይዝላችሁም፤ ቦርዱ ሲነሳ ነው የሚታየው። ስለዚህ አስቀድማችሁ የድሮውን ስም በመላው ፕሮጀክት ውስጥ ፈልጉ፤ የሲ ፋይሎችን፣ ስክሪፕቶችን፣ የዩቡት (ቦርዱን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ቅንብርን፣ የሙከራ ፋይሎችን ሁሉ። ካገኛችሁ ወደ ሌብል አዛውሯቸው። ከዚያ ስሙን ቀይሩ።

የኦቨርሌዩ ጉዳይ ይኸውና። ከኦቨርሌይ ሆኖ የኖድ ስም መቀየር አይቻልም። ዋናው ፋይል ውስጥ «ሚሞሪ» የሚል ኖድ ካለና እናንተ በኦቨርሌያችሁ ሚሞሪ@20000000 ብትጽፉ የድሮው አይቀየርም። ሁለት ኖድ ነው የሚኖራችሁ። ስሞቹ ስለተለያዩ ዲቲሲ አያዋህዳቸውም። ወይ ዋናውን ፋይል ታርማላችሁ፣ ወይ በ«ዲሊት-ኖድ» የድሮውን አጥፍታችሁ አዲሱን ትጽፋላችሁ። ያለውን ኖድ ለማሻሻል ብቻ ከሆነ ሁልጊዜ በሌብል ጥሩት፤ ስሙን ደግማችሁ አትጻፉ።

8. አረጋግጡ

መጀመሪያ የመጨረሻውን ትሪ አወዳድሩ። ዜፈር ሁሉንም ፋይል አዋህዶ «ዜፈር.ዲቲኤስ» የሚል ፋይል ቢልድ ፎልደር ውስጥ ያስቀምጣል። እርማቱን ከመጀመራችሁ በፊት ኮፒውን አስቀምጡ፤ ከእርማቱ በኋላ በዲፍ አወዳድሩ። ሊኑክስ ላይ ዲቲቢውን (ዲቲሲ አጠናቅሮ ያወጣውን ፋይል) በዲቲሲ መልሳችሁ ወደ ጽሑፍ ቀይሩት፤ «-ኤስ» (ትንሿን ኤስ) ብትጨምሩበት በፊደል ተራ ይደረድረዋል፣ ማወዳደሩ ይቀልላል። የቀየራችሁት ብቻ መታየት አለበት። ያላሰባችሁት አዲስ ኖድ ካያችሁ ወደ 7 ተመለሱ።

ቀጥሎ ባሱን ስካን አድርጉ። ዜፈር ሼል ላይ የአይቱሲ ስካን ትእዛዝ አለ፤ ሼሉንና የአይቱሲ ሼሉን ማብራት ይጠይቃል። ሊኑክስ ላይ «አይቱሲዲቴክት» አለ። እዚያ ቁጥር በሚጠበቅበት ቦታ ሁለት የዩ ፊደል ካያችሁ አትደንግጡ፤ ድራይቨር አድራሻውን ይዞታል ማለት ነው።

ይህን ስካን አትዝለሉት። ስሙና ሬጉ ተስማምተው ሁለቱም ሊሳሳቱ ይችላሉ። ጥሩ ምሳሌው የዲኤስ3231 ሞጁል ነው። ገበያ ላይ በብዛት ያለው ሞጁል ከሰዓቱ ጋር ኤቲ24ሲ32 የሚባል ኢኢፕሮም አለው። የዚህ ቺፕ አድራሻ ከ50 ይጀምራል ስለሚባል ሰው ኢኢፕሮም@50 ብሎ ሬጉንም 0ኤክስ50 ያደርጋል። ኮምፓይለሩ ምንም አይልም። ሞጁሉ ላይ ግን ሦስቱም የአድራሻ እግሮች ወደ ላይ ተስበዋል፤ እውነተኛው አድራሻ 57 ነው። ስካኑ 57ን ያሳያችኋል።

በመጨረሻ ንባቡን እዩ። ለእኛ አካባቢ ጥሩ መፈተኛ አለ፤ የአየር ግፊት። ዜፈር ግፊትን በኪሎፓስካል ነው የሚሰጠው። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1850 ሜትር ገደማ ስለሆነች ቢኤምኢ280 ወደ 81 አካባቢ ማንበብ አለበት። ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ናት፤ እዚያ ወደ 75 ይወርዳል። 101 አካባቢ ካነበበ ወይ የባሕር ወለል ማስተካከያ ተደርጎበታል፣ ወይ ንባቡ ከሴንሰሩ አልመጣም። ቦርዱን ይዞ ከኮምቦልቻ ደሴ የሚመላለስ ሰው ቁጥሩ ሲወርድና ሲወጣ ካየ ሴንሰሩ ሕያው ነው።

እርጥበቱ ብቻ እምቢ ካለስ? ቺፑ ቢኤምኢ መሆኑን አጣሩ። ቢኤምፒ280 በመልክም በአድራሻም ይመሳሰለዋል፤ እርጥበት ግን አይለካም። የቺፑ መለያ ሬጂስተር ሲነበብ ቢኤምኢ280 በሄክስ 60 ይመልሳል፤ ቢኤምፒ280 58 ይመልሳል። ይህን የትኛውም የስም ማስተካከያ አይፈታውም። ሻጩ ጋ መሄድ ነው።

9. የቀረውን ማፈን፣ የጸዳውን መቆለፍ

የእናንተ ፋይሎች ከጸዱ በኋላ የአምራቹ ፋይል ውስጥ ያሉት ይቀራሉ። ማፈን የሚፈቀደው እዚህ ነው። ዲቲሲ ላይ «-ደብልዩ ኖ-» (ደብልዩው ትልቁ ነው) ብሎ የምርመራውን ስም መስጠት ነው። ዜፈርም ለአንዳንድ ቺፖች «ሲምፕል_ባስ_ሬግ»ን እንዲህ ያፍናል። አይቱሲ_ባስ_ሬግን ግን በፍጹም አታፍኑት። ሴንሰር የሚያተርፍላችሁ እሱ ነው።

ለጸዱት ደግሞ ተቃራኒውን አድርጉ። «-ኢ» (ትልቁን ኢ) ብላችሁ የምርመራውን ስም ስትሰጡ ማስጠንቀቂያው ኤረር ይሆናል፤ ቢልዱ ይቆማል። ዜፈር ላይ እነዚህን «ኤክስትራ_ዲቲሲ_ፍላግስ» በሚባለው ውስጥ አስገቧቸው። ለአይቱሲ_ባስ_ሬግና ለዩኒት_አድሬስ_ቪኤስ_ሬግ እንዲህ ማድረግ ጥሩ ነው። ቀጣዩ ተማሪ ፕሮጀክቱን ሲረከብ 0ኤክስን ቢረሳ ቢልዱ እዚያው ይይዘዋል፤ ሞጁል ነቅሎ እስኪፈትሽ አይጠብቅም።

እርማቱን ጊት ውስጥ ስታስገቡ የስም ለውጡን ከሬግ ለውጡ ለዩት። ሬግ ሲቀየር የቦርዱ ባሕርይ ይቀየራል፤ መልእክቱ ውስጥ አድራሻውን ከየት እንዳገኛችሁት ጻፉ፣ የትኛው እግር ከምን እንደተያያዘ ጭምር። ለስም ለውጡ የድሮውን ሙሉ መንገድና አዲሱን ጎን ለጎን አስፍሩ። የጠፋበትን ስክሪፕት የሚያሳድድ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ነው።